የትርፍ ጊዜ ደስታና ትምህርት ቤቱ፤ ከገና ሜዳ እስከ ክበብ

ስለ ትምህርት በሚቀርቡ ጥናቶች ውስጥ የወጣቱ ውጤት በሰፊው ሲተነተን፣ የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ ስላለው ሕይወቱ የሚነገረው ጥቂት ነው። ሆኖም ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለው ወጣት ማንም ሳያዘው የሚያዘወትረው ነገር ምን እንደሆነ፣ ከዚያም የሚያገኘው ደስታ ከምን እንደሚመነጭ ማወቅ ለመምህርም ሆነ ለዕቅድ አውጪ ጠቃሚ ነው። በአገራችን ይህ ጉዳይ ረዘም ያለ ታሪክ አለው። ታሪኩም በአመዛኙ የሚያጠነጥነው ጨዋታው የማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ቀኑ በሰዓት ባልተከፋፈለበት ኑሮ ትርፍ የሚባል ጊዜ አይኖርም። እረኛው ዋሽንቱን የሚነፋው ከብቱን እየጠበቀ ነው፤ ሥራውን ከጨዋታው የሚለይ ደወል አልነበረበትም። ትልልቁ ጨዋታ ደግሞ የበዓላትን ተራ ይጠብቃል። ወንዶች ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ገምደው ያጮኻሉ፣ በየደጁ እየዞሩም ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ አበባየሆሽ ይጫወታሉ፤ ለገና ደግሞ ጎረምሳው ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ሩሩን ለማግኘት ይራኮታል። በዚያች ዕለት ጌታ በሎሌው አይቆጣም የሚለው የቆየ ልማድ ቀላል ትርጉም ያለው አይደለም። በቤቱ ታዛዥ፣ በደጁ ታናሽ ሆኖ የሚውለው ወጣት በዓመት አንድ ቀን ከታላላቆቹ ጋር እኩል የሚሮጥበት ሜዳ ያገኝ ነበር። የደስታው አንድ ምንጭ ይህ እኩልነት ሳይሆን አይቀርም።

ገበጣም እንዲሁ ነው። መሬቱን በጣት ቆፍሮ፣ ጠጠር ወይም ፍሬ ለቅሞ ለመጫወት ገንዘብ አያስፈልግም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን ልዩ ልዩ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። ተጫዋቹ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ በልቡ ማስላት አለበት፤ ተጋጣሚውም ቀጥሎ የሚያደርገውን መገመት ይኖርበታል። ይህን ሁሉ የሚማረው ያለ መምህር፣ ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከባልንጀራው ነው። በክፍል ውስጥ የሒሳብ ትምህርት ከብዶት የሚቀመጥ ልጅ በገበጣ ማንም የማይደርስበት ሆኖ መገኘቱ መምህራን ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው።

ስለ ሴት ልጆች ሲነሣ ግን ታሪኩ ይጠብባል። የቤት ሥራው፣ የውኃውና የእንጨቱ ሸክም የነርሱ ስለነበር የግላቸው የሚሉት ጊዜ አነስተኛ ነበር። የቀራቸውም መደሰቻ ከሥራ የተለየ አልነበረም። ልጅቱ ስንደዶና አክርማ ለቅማ፣ አለላውን ቀለም ነክራ፣ በወስፌ የምትሰፋው መሶብ ለቤቱ የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ቀዩ ከአረንጓዴው አጠገብ ይዋል ወይስ ከጥቁሩ የሚለውን የምትወስነው እርሷ ናት። በኋላም በከተማ የጥልፍና የዳንቴል ሥራ ይህንኑ ቦታ ያዘ። የስንቱ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ በልጃገረዶች የእጅ ሥራ እንደተሸፈነ የሚያስታውስ ሁሉ፣ በየዳንቴሉ ውስጥ ከግዴታ ያለፈ ነገር እንደነበረ አይጠፋውም።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ ግን ለተማሪው ቀን መልክ የሚሰጠው ደወል ሆነ። የዕረፍት ሰዓትና የትምህርት ቤት ሜዳ ተፈጠሩ። በዚያ ሜዳ ሥር የሰደደው እግር ኳስ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው አገሪቱ በጣሊያን ወረራ በተያዘችበት የጭንቅ ዓመት ነበር፤ መሥራቾቹም በአራዳ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ለዚሁ ቡድን ለረጅም ዓመታት ተጫውተዋል፤ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። የልጅነት ጨዋታ ወደ አህጉር አገልግሎት አደገ ማለት ነው።

ከዚህ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጡት የሁለት ወጣቶች ታሪኮች ናቸው። አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው ሥዕል መሣል ይወዱ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ገደማ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በዚያ የነበሩ መምህሮቻቸው የሥዕል ዝንባሌያቸውን ተመልክተው ስላበረታቷቸው ጥናታቸውን ወደ ሥነ ጥበብ አዞሩ፤ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው ታላቅ የባለቀለም መስተዋት ሥራም የእርሳቸው ነው። ከዚያ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሙላቱ አስታጥቄም በተመሳሳይ መንገድ ምሕንድስና እንዲያጠኑ ወደ ዌልስ ተላኩ። የገቡበት ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ከሒሳብና ከሳይንስ ጎን ለሙዚቃና ለሌሎች ጥበባት ቦታ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ስለነበር፣ ሙዚቃን እዚያ ያዙ፤ ከዚያም በለንደንና በቦስተን ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው የሙዚቃ ስልት የዚህ ውጤት ነው።

በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ ዕቅዱ አንድ ነበር፤ አገሪቱ መሐንዲስ ትሻለች የሚል ነው፤ ዕቅዱም ስሕተት አልነበረም። ልዩነቱን የፈጠረው ወጣቱ በገዛ ፈቃዱ የሚያደርገውን ነገር የሚያይ መምህርና፣ ለዚያ ነገር ቦታ ያለው ትምህርት ቤት መገኘቱ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ታሪክ የሚመዘግበው ዝንባሌው እንጀራ የሆነለትን ሰው ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮቿን እ.ኤ.አ. በ1894 ካወጣች ወዲህ፣ ቴምብሩን ከፖስታው ላይ በውኃ እያላቀቀ በደብተር ያጠራቀመ፣ ከጓደኛው ጋር የተለዋወጠ፣ የማያውቃቸውን አገሮች ስም ከትንሿ ወረቀት ላይ ያነበበ ተማሪ ሁሉ የፖስታ ቤት ሹም አልሆነም። መሆንም አልነበረበትም። ደብተሩን ከፍቶ ባየ ቁጥር የተሰማው ደስታ ለዚያ ዕድሜው የሚበቃ ዋጋ ነበረው። የትርፍ ጊዜ ዝንባሌን ለወደፊት ሙያ ባለው ጥቅም ብቻ የሚመዝን ዕቅድ አብዛኛውን ወጣት ከሚዛኑ ያወጣዋል።

በአብዮቱ ዘመን የወጣቱ ጊዜ ባለቤት ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ከዚያም በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። መዝሙሩና ትርኢቱ በመመሪያ የሚወጣ ነበር፤ ወጣቱም አንዳንዴ በውድ አንዳንዴ በግድ ይገኝ ነበር። ይሁንና ጊታርና ከበሮ፣ መድረክና ተመልካች ከዚያ በፊት ላላገኘ የቀበሌ ልጅ ኪነቱ በር ከፍቶለታል፤ በኋላ ስማቸው የታወቀ ድምፃውያንም ከዚያው ወጥተዋል። ታዝዞ የመጣ ሙዚቃ እንኳ በወጣቱ እጅ ሲገባ ከፊሉ የራሱ ይሆናል። በአንጻሩ መመሪያው የከበደባቸው ብዙዎች ጨዋታውን ከነመድረኩ ጠልተውት ቀርተዋል።

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ተጓዳኝ ትምህርትና ክበባት በየትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ መጻፋቸው የታወቀ ነው። ከተማሪ ብዛት የተነሣ የመጣው የሁለት ፈረቃ አሠራር ግን ክበቡ የሚሰበሰብበትን ሰዓት ወስዶበታል። ብዙ ጊዜ ክበቡ የሚኖረው በስም ዝርዝርና በሪፖርት ላይ ነው። ወጣቱም ደስታውን ከግቢ ውጭ፣ በጆተኒና በከረንቡላ ቤት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም በስልኩ ላይ ይፈልጋል። ይህን በማየት ትውልዱ ተበላሸ የሚል መምህር አይጠፋም። ነገር ግን ጆተኒውን የከበቡት ልጆች ተራቸውን የሚጠብቁት፣ ሕጋቸውን የሚያወጡትና የሚዳኙት እንደ ገበጣው ዘመን ራሳቸው ናቸው።

ማየት የሚችል መምህር ግን ሁኔታው እስኪመቻች አይጠብቅም። በአርሲ በቆጂ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ያገኙት ሜዳና አፍላ ወጣቶችን ብቻ ነበር። እርሳቸው ካሠለጠኗቸው መካከል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር አሸናፊ ሆናለች፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም የዚያው ሜዳ ልጆች ናቸው። አብረዋቸው ሮጠው ወደ እርሻቸው የተመለሱት ደግሞ እጅግ ይበዛሉ፤ የሮጡበትን ማለዳ ግን ማንም አይወስድባቸውም።

በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱ ተማሪ ወጥቶ የከሰዓቱ እስኪገባ ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች ሜዳው በሁለቱም ፈረቃ ልጆች ይሞላል፤ በካልሲና በላስቲክ የተሠራ ኳስም ይወጣል። የትምህርት ቤቱ ኳስ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ከሆነ፣ ዕቅድ አውጪው ከአዲስ የክበብ መመሪያ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለና በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ነው።