ዳሞታ፦ የአንድ ተራራ ስም፣ መንግሥትና ማሳ

ከቢላቴ ወንዝ ሸለቆ ተነሥቶ በዲምቱ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያቀና ተጓዥ ሞቃቱን ቆላ ትቶ ወደ ወይና ደጋው በቀረበ ቁጥር ከፊቱ እየገዘፈ የሚመጣው ተራራ ዳሞታ ነው። ዳሞታ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የቆመ፣ እሳቱ ከጠፋ እጅግ ረጅም ዘመን ያስቆጠረ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ የሶዶ ከተማም የተቆረቆረችው በዚሁ ተራራ ግርጌ ነው። ጠዋት ከከተማዋ በቡድን ተነሥተው ጫፉን ረግጠው ማታ የሚመለሱ የእግር ተጓዦች ድካማቸውን የሚክሱት ከላይ በሚታየው መልክዓ ምድር ነው። የዳሞታ ታሪክ ግን ከጫፉ ይልቅ በግርጌውና በወገቡ ላይ ይገኛልና፣ ተራራውን በሚገባ ማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ግራ ቀኙን ማስተዋል ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነጋግረው ስሙ ነው። ዳሞት በመካከለኛው ዘመን ከዓባይ በስተ ደቡብ የነበረ ኃያል መንግሥት ሲሆን፣ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ዓምደ ጽዮን እንዳስገበሩት ይታወቃል፤ ገድለ ተክለ ሃይማኖትም የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ የጻድቁን እናት እንደማረከና በኋላም በጻድቁ ስብከት እንዳመነ ይተርካል። የወላይታ አፈ ታሪክ በበኩሉ ወላይታ ማላ የተባለውን ጥንታዊ ሥርወ መንግሥት የሚጀምረው ከዚሁ ከሞተለሚ ነው። ዳሞት የሚለው ስም በሕዝብ ፍልሰት ምክንያት ወደ ጎጃም ተሻግሮ ደጋ ዳሞትን በመሳሰሉ አገሮች ሲቀር፣ በወላይታም ከተራራው ሌላ ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ፑላሳና ዳሞት ወይዴ በተባሉ ወረዳዎች ላይ ጸንቶ ይኖራል። የስም መመሳሰል ብቻውን ጥንታዊው ዳሞትና ወላይታ አንድ ነበሩ ለማለት አያበቃም፤ ይሁንና በጽሑፍ የቆየው ገድልና በቃል የተላለፈው አፈ ታሪክ በአንድ ንጉሥ ስም ላይ መገናኘታቸው እንደ ዋዛ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም።

ከወላይታ ማላ በኋላ የነገሠው ሥርወ መንግሥት ትግሬ በመባል ይታወቃል፤ የወላይታ ንጉሥ መጠሪያ ማዕረግ ደግሞ «ካዎ» ነው። የዚህ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ሲሆን፣ መናገሻው ዳልቦ የምትገኘው በዳሞታ ግርጌ ነው። ቀደም ብለው የተላኩትን የሸዋ ዘመቻዎች ወላይታ በብርቱ ስለተቋቋመ፣ በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ጦር አስከትለው ዘመቱ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከተሰለፉትም መካከል የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበሩ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋስቶን ቫንደርሄይም ያየውን እልቂት፣ የምርኮውንና የከብቱን ዘረፋ በመጽሐፍ መዝግቦታል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፤ ነጻው የወላይታ መንግሥትም በዚያው አበቃ። ብዙ ሰው ያለቀበት ይህ ጦርነት በወላይታ ዘንድ ገና ያልደረቀ ቁስል ነው፤ ስለሆነም የዳልቦን ስም ሳያነሣ ስለ ዳሞታ ውበት ብቻ የሚናገር ሰው ታሪኩን ጎዶሎ ያደርገዋል።

የተራራውን ወገብ ይዞ የሚወጣው መንገድ የሚያልፈው በሰው ደጃፍ ነው። የወላይታ ገበሬ በቤቱ ዙሪያ ያለውን፣ በየዕለቱ ፍግና አመድ የሚጠግበውን ጓሮ «ዳርኳ» ሲለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ እህል የሚዘራበትንና ፍግ እምብዛም የማይደርሰውን ማሳ «ሾቃ» ይለዋል። በዳርኳው ውስጥ እንሰቱ ተጠጋግቶ ይቆማል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና ልስልስ ሲሆን፣ ጥቂት እርምጃ ወረድ ሲሉ ሾቃው ላይ የሚታየው አፈር ግን ቀይና ደረቅ ያለ ነው። ይህ የቀለም ልዩነት ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ በእጅ ተሸክሞ ያፈሰሰው ፍግ ያመጣው ነውና፣ በተራራው ላይ ካሉት የታሪክ ምስክሮች ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ አይገኝም። ወላይታ በገጠር የሕዝብ ጥግግቱ በአገሪቱ ከታወቁት አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ጠባብ መሬት ብዙ ቤተሰብ ሊያኖር የቻለው በዚህ ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ የሕዝቡ መብዛት ተራራውን ሳይጎዳው አልቀረም። ማሳው ወደ ዳገቱ እየገፋ፣ ዛፉም ለማገዶ እየተቆረጠ በሄደ መጠን ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወደ ግርጌው ያወርድ ጀመር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በዳሞታ ላይ 503 ሄክታር የሚሆን መሬት በአካባቢው ማኅበራት እንክብካቤ ሥር ገብቶ ደኑ እንዲያገግም ተደርጓል፤ ዘዴውም ችግኝ መትከልን ብቻ ሳይሆን ከብት እንዳይገባ ከልክሎ፣ ከተቆረጠው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ እየመለመሉ ማሳደግን ይጨምራል።

ከጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው የአባያ ሐይቅ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ወላይታን ከሲዳማ የሚለየው የቢላቴ ሸለቆ ተዘርግቷል፤ የዲምቱ ቆላም በዚያው አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ ሥራ የጀመረው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት መሬት ያጠራቸውን የደጋና የወይና ደጋ ቤተሰቦች ወደ ቆላ አውርዶ በአበላና በበሌ አሰፍሯል፤ ሰፋሪዎቹም ለእንሰት በማይመች ሞቃት መሬት ላይ በቆሎና ጥጥ እያመረቱ አዲስ ኑሮ ጀመሩ።