በቤት ኮምፒዩተር ላይ እየሰፋ የሚሄድ የመረጃ ማከማቻ ቋት ስለማዘጋጀት

በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ዞን ወረዳዎች የሚያገለግሉ የመንግሥት ሠራተኞች በቤታቸው ኮምፒዩተር የሚያስቀምጡት መረጃ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ይሄዳል። የትምህርት ማስረጃ፣ የይዞታ ካርታ ቅጂ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ከነጥሬ መረጃው፣ የልጆች ፎቶግራፍና የሠርግ ቪዲዮ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይከማቻሉ። ዲስኩ ሲሞላ ሌላ ይገዛል፤ እሱም ሲሞላ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ውሎ አድሮም የትኛው ፋይል የት እንዳለ ማስታወስ ያዳግታል። ከዲስኮቹ አንዱ የተበላሸ ዕለት ደግሞ በእሱ ላይ ብቻ የነበረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ለችግሩ ከሚያገለግሉት መፍትሔዎች አንዱ በርካታ ዲስኮችን በአንድ ቋት አዋሕዶ ኮምፒዩተሩ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ እንዲያያቸው ማድረግ ነው። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች በየቦታው ቢፈልቁም ነዋሪው ከቧንቧው ሲቀዳ ውኃው ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ የቋቱ ተጠቃሚም ፋይሉ በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳረፈ ማወቅ አያስፈልገውም።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጽሑፍ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ የመጠቀምን ዘዴ ሬይድ በሚል ስያሜ አስተዋውቀዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ስቶሬጅ ስፔስስ የተባለውን አገልግሎት ሲያወጣ ዘዴው ለቤት ተጠቃሚም ቀረበ። በሊኑክስ የሚጠቀሙ ደግሞ ኤልቪኤምን ወይም ዜድኤፍኤስን መምረጥ ይችላሉ።

ቋቱ ሲዘጋጅ የሚመረጠው የጥበቃ ዓይነት ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል። «ሲምፕል» የተባለው ቦታውን ሁሉ ለመረጃ ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ዲስክ ሲበላሽ በሌሎቹ ላይ ያለውም ከጥቅም ውጭ ስለሚሆን ዲስኮችን ለየብቻ ከመጠቀም የከፋ ነው። «ሚረር» እያንዳንዱን ፋይል በሁለት ዲስኮች ላይ ያሰፍራል፤ በመሆኑም ሁለት ባለ 4 ቴራ ባይት ዲስኮች የሚሰጡት 4 ቴራ ባይት ብቻ ነው። «ፓሪቲ» ቢያንስ ሦስት ዲስኮች የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከሦስት ባለ 4 ቴራ ባይት ዲስኮች 8 ቴራ ባይት ያስገኛል፤ ሆኖም በላዩ ላይ መጻፍ ዝግተኛ ነው፣ በጽሕፈት መሐል መብራት ሲቋረጥም ለስሕተት ይጋለጣል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ቦታ የሚያባክን ቢመስልም፣ ሚረር ይመረጣል።

ሥራው ባለ ማማ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ይፈልጋል። ሳጥኑ ለተጨማሪ ዲስኮች ቦታ፣ ማዘር ቦርዱ ትርፍ የሳታ መሰኪያ፣ ፓወር ሰፕላዩም በቂ አቅም ሊኖራቸው ይገባል። ገዢው «1 ቴራ ባይት» የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ባይት ሆኖ ቢያገኘው የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም። ይልቁንም መፈተሽ ያለበት ዲስኩ ከዚህ ቀደም ስንት ሰዓት እንደሠራ ነው፤ ይህም ስማርት የተባለውን የዲስኩን መዝገብ በሚያነቡ ነፃ ፕሮግራሞች ይታያል። ኤስኤምአር በተባለው ስልት የተሠሩ ዲስኮች መረጃን ደግሞ ለመጻፍ ስለሚዘገዩ ለቋት አይመከሩም።

የአካባቢው የአየር ጠባይም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ክፍል እጅግ ይግላል። ተደራርበው የተቀመጡ ዲስኮች እርስ በርስ ስለሚተኳኮሱ በመካከላቸው ክፍተት መተው፣ በፊታቸው ማራገቢያ መግጠምና ሳጥኑን ከወለሉ አቧራ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለደጋው ነዋሪ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ተንሳፎ የሚቆየው በአየር ግፊት በመሆኑ፣ ብዙ አምራቾች ለተለመዱት ዲስኮች የከፍታ ወሰን አድርገው የሚያስቀምጡት 3 ሺህ 48 ሜትር ነው። 2 ሺህ 700 ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው ጨንቻ ከወሰኑ በታች ናት፤ ከእሷ ከፍ ብለው በተራራው ላይ ለሚኖሩ ግን ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ወይም በሂሊየም ታሽጎ የተሠራ ዲስክ ይሻላል።

መብራትን በተመለከተ ስታቢላይዘር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚያስችል ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

አሠራሩ አጭር ነው። በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ስቶሬጅ ስፔስስ ተከፍቶ አዲስ ቋት የሚፈጥረው ትእዛዝ ይመረጣል፤ ዲስኮቹ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ከዚያ ስም፣ የጥበቃ ዓይነትና መጠን ይሞላል። ወደ ቋቱ የሚገባ ዲስክ ያለበት መረጃ በሙሉ ስለሚሰረዝ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግድ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የተጫነበት ዲስክ በቋቱ ውስጥ አይገባም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ አዲስ ቋት የሚያቋቁም ሰው ኮምፒዩተሩ ከቻለ በዊንዶውስ 11 ቢጀምር ይመረጣል።

ቦታ ሲያንስ አዲስ ዲስክ ተሰክቶ ወደ ቋቱ ይጨመራል። በሚረር ቋት ላይ ከነበሩት ሁለት ባለ 4 ቴራ ባይት ዲስኮች ጎን ሦስተኛ ሲጨመር ጠቅላላ ቦታው ወደ 6 ቴራ ባይት ያድጋል። ማዘር ቦርዱ ቢቃጠልም ዲስኮቹን በሙሉ ነቅሎ ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ስሪት ዊንዶውስ ባለው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ በመሰካት ቋቱን ማግኘት ይቻላል። አንድ ዲስክ ሲበላሽ አዲስ ተተክቶ መረጃው ከደኅነኛው ላይ ይገለበጣል፤ ሙሉ ባለ 4 ቴራ ባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋ ባይት ፍጥነት ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ ሚረር መጠባበቂያ ቅጂ አለመሆኑ ነው። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የአራት ዓመት የመስክ ድምፅ ቅጂዎቹን ያጣው ሁለቱም ዲስኮች ጤነኛ እንደሆኑ ነው፤ የተሳሳተ ፎልደር ሰርዞ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ መብረቅና ሌባም ሁለቱን ዲስኮች አይለዩም። ስለዚህ ተነቅሎ የሚቀመጥ ሌላ ዲስክ፣ ቢቻል በሌላ ቤት፣ ሊኖር ይገባል። በኢንተርኔት ማስቀመጥም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር 1 ቴራ ባይት መረጃ ለመላክ ያለማቋረጥ 23 ቀን ይፈጃል። ያንኑ የያዘ ዲስክ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ቀን ይበቃዋል።

የመሥሪያ ቤት ሰነድ ግን በዚህ ቋት ውስጥ የሚገባ አይደለም። የጋሞ ዞን በ2011 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ሲደራጅ፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት እንደታየው መዋቅር ሲለወጥ ርክክብ አለ፤ በሠራተኛ ቤት የቀረ ፋይል ደግሞ በርክክብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግለሰቦችን መረጃ የያዘ አካል ለደኅንነቱ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በፈቃድ ወደ ቤት የመጣ ሰነድ ቢኖር በይለፍ ቃል በተቆለፈ ክፍል መቀመጥ አለበት፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ባለቤቱም አይከፍተውም።

የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችን ወደ ቋቱ የሚያስገቡ አንባቢያን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም መሥሪያ ቤቶች ከዚያም በኋላ ለዓመታት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ይጽፉ ነበር። እነዚህ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆነው ይታያሉ። በመሆኑም ፎንቱን ከሰነዶቹ ጋር በአንድ ፎልደር ማስቀመጥ፣ ጊዜ ሲገኝም ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል።