ስለ ባላገር ረድኤት፤ ከክፉ ቀን እስከ ዘመናችን

በድሬዳዋ ከተማ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ ከዓመቱ ብዙውን ወራት ውሃ የለበትም፤ አሸዋ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቶ ይሸጥበታል፤ ግመልና አህያም እንደ መንገድ ይሄዱበታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ በሌሊት ግን ከደንገጎ ተራራ በኩል የወረደው ጎርፍ ይህን አሸዋ ሞልቶ፥ ዳርና ዳር የነበረውን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት የሌላቸው ሆኑ። መንግሥትና ሕዝብ ተባብረው ለተረፉት መጠለያ አበጁ፤ ቆይቶም ቤት ተሠራላቸው። ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ነገር ግን ጎርፉ ከወረደበት ከተራራው ላይ የሚኖረው ባላገር በዚያች ሌሊት አፈሩን እንዳጣ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ከተማው ከቤቱ ደጃፍ የጠረገው ጭቃ የዚያ ሰው ማሳ ነበረ።

ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚህ ባላገር ነው፤ ይኸውም ድርቅ ወይም ጎርፍ ወይም የገበያ ውድቀት ባገኘው ጊዜ መንግሥት እንዴት እንደ ረዳው፥ በምንስ እንደ ዘገየበት ነው። በግእዝ ምጽዋትና ረድኤት የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ በአማርኛ ሁለቱንም «እርዳታ» ብለን እናልፋቸዋለን። ምጽዋት ለነዳይ የሚሰጥ ነው፤ ረድኤት ግን የሚሠራ ሰው ሸክሙ በከበደው ጊዜ አብሮ መሸከም ነው። ለባላገር የሚደረገው ነገር ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በስሙ አይደለም፤ በሚደርስበት ወራት ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ ባላገር ዘሩን ከበላና በሬውን ከሸጠ በኋላ የመጣለት እህል ነፍሱን ያድናል እንጂ ባላገርነቱን አይመልስለትም።

አባቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። ነገሩ የተጀመረው በከብት ነው። ኢጣልያኖች በምጽዋ ለነበረው ጦራቸው ከህንድ ያስመጡት ከብት በሽታ ይዞ ገባ ይባላል፤ በሽታውም ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ከመቶ ከብት ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ይህን በሽታ ባላገር «ደስታ» ብሎ ይጠራዋል፤ ክፉውን ነገር በመልካም ስም መሸፈን የቅኔ ቤት ሰዎች ልማድ ብቻ እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ስለ ታወጀ የዛሬ ልጆች ስሙንም አያውቁት ይሆናል። በዚያ ዘመን ግን በሬው ባለቀ ማግሥት ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምችም ተከተለ። ልብ እንበል፤ ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ እንኳ ረኀቡ አልቆመም፤ የሚያርስ በሬ አልነበረምና።

አጼ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው እህል እንደ ሰጡ ተጽፏል። ይህ የነገሥታት የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሆኖ የሚታየኝ ግን ሁለተኛው ሥራቸው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲቆፍሩ አዘዙ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የትሕትና ምሳሌ አድርጎ ያወራዋል። ለእኔ ግን ከትሕትና ይልቅ የእርሻ ትምህርት ነው። በሞፈርና በቀንበር የለመደ የደጋ ባላገር በሬ ከሌለ እርሻ የለም ብሎ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ጊዜ፥ ያለ በሬ መዝራት እንደሚቻል የሚያሳየው ሰው ያስፈልግ ነበረ፤ ዶማ መያዝን እንደ ውርደት የሚቈጥረው መኰንን ባላገሩን እንዳይንቀው ደግሞ የሚያሳየው ሰው ንጉሥ መሆን ነበረበት። የሐረርጌ ደጋ ገበሬ ማሳው ጠባብ ስለ ሆነ ዶማ ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለሸዋ ሰው ግን እንግዳ ነበረ።

ረኀቡ ጋብ ባለ ጊዜ በ1885 ዓ.ም. ለወታደር ቀለብ የሚሆን አሥራት ተደነገገ። ግብር መደንገግ እርዳታ ነውን የሚል ሰው ቢኖር፥ ከዚያ በፊት የነበረውን ይመልከት፤ ተሰሪ ወታደር በባላገር ቤት ገብቶ ያገኘውን ይበላ ነበረ፤ መጠኑም አይታወቅም ነበረ። ከአሥር አንድ ተብሎ የተቈረጠ ግብር ግን ባላገሩ የሚተርፈውን ዐውቆ ዘሩን እንዲያስቀምጥ ያስችለዋል። አፈጻጸሙ በየአገሩ እንደ ሹሙ ጠባይ መለያየቱ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን አሳቡ የቀና ነበረ።

የከብቱን በሽታ ለእኛ ላከች በምትባለው በህንድ ከክፉ ቀን ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ የእንግሊዝ መንግሥት የረኀብ ሕግ አውጥቶ ነበረ። ከ1868 እስከ 1870 ዓ.ም. ብዙ ሚሊዮን ሰው ካለቀ በኋላ የተጻፈ ሕግ ነው። ለመሥራት ለሚችል ሥራና ደመወዝ፥ ለማይችል ቀለብ እንዲሰጥ፤ የመሬት ግብር እንዲዘገይ፤ ለዘርና ለበሬ መግዣም ብድር እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከእርሱም በኋላ በ1889 እና በ1892 ዓ.ም. በዚያው አገር ሚሊዮኖች በረኀብ አልቀዋል። የተጻፈ ደንብ በጊዜው ካልተፈጸመ ከወረቀት አያልፍም።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማይቱም ያን ጊዜ አዲስ ሐረር ተባለች። ከዚያ ወዲህ የሐረርጌ ባላገር ቡናውን በቀላሉ ወደ ባሕር የሚልክበት መንገድ አገኘ፤ ነገር ግን ዐይኑን ወደ ሁለት ሰማይ የሚያነሣ ሰው ሆነ፤ አንዱ ዝናብ የሚሰጠው ሰማይ ነው፤ ሁለተኛው ዋጋ የሚቈረጥበት የሩቅ ገበያ ነው። ዝናብ መልካም ሆኖ ዋጋ ቢወድቅ እንደ ድርቅ ይጐዳዋል። በ1981 ዓ.ም. ቡና አምራች አገሮች ወደ ገበያ የሚያወጡትን መጠን የሚወስነው የዓለም ስምምነት ፈረሰ፤ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ደግሞ የቡና ዋጋ እጅግ ዝቅ አለ። ያን ጊዜ በድሬዳዋ የቡና ጨረታ ይካሄድ ነበረ፤ ዋጋው በዚያ ሲወድቅ በሐረርጌ ተራራ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክል ገበሬ በዛ። የጫትን ነገር ለሌላ ቀን እተወዋለሁ። ቡናውን ስለ ነቀለው ሰው ግን እፈርድበት ዘንድ አልችልም፤ ድርቅ ለመታው ስንዴ ሲመጣለት ዋጋ ለመታው ማን መጣለት?

ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፍኖ መቈየቱን ሁሉም ያውቀዋልና አልዘረዝረውም። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። ስሙ ሁለት ሥራ ይዟል፤ ማስተባበርና ማቋቋም። በመጣው ዘመን የመጀመሪያው ሥራ ሁለተኛውን ዋጠው፤ መርከብና የጭነት መኪና እህል ሲያጓጉዙ በሬና ዘር ወደ ኋላ ቀሩ።

የ1977ቱን ረኀብ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ በዋድላ ቅኔ ቤት የምማር ልጅ ነበርሁ፤ አኩፋዳዬን ይዤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እል ነበረ። በአንድ ሰፈር ሁልጊዜ የምትመጸውተኝ እናት ነበረች። አንድ ቀን ከደጅዋ ቆሜ ስጠራ ወደ ውስጥ ገብታ ዘወትር ከማይከፈተው ጎታ እህል ስትቀዳ አየሁ። ሽማግሌው ባልዋ «እሱማ ዘር ነው» አላት። እርስዋም «ዘሪው ከሞተ ዘሩ ለማን ነው?» ብላ ቀዳች፤ ለእኔም እፍኝ ጨመረችልኝ። ዝናብ በተመለሰ ጊዜ በዚያ ቤት የሚዘራ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የእርዳታ እህል በጊዜው ደረሰ ሲባል በሰማሁ ቍጥር «ከዘሩ ጎታ በፊት ነውን ወይስ በኋላ?» እላለሁ።

ዘር የሚጠፋው በረኀብ ብቻ አይደለም፤ በጥጋብም ይጠፋል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በብዙ የአገራችን ክፍል በቆሎ እጅግ ሰመረ። እህሉ በዝቶ ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ ገበሬው ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል እንኳ አቃተው፤ በአንዳንድ ስፍራም ማጨጃው ከሚያወጣው በላይ ሆኖ በቆሎው በማሳ ላይ ቀረ። በሚከተለው ክረምት ብዙው ገበሬ ማዳበሪያ ሳይወስድ ቀረ፤ ዝናቡም ጐደለ። በ1995 ዓ.ም. ወደ 13 ሚሊዮን የሚሆን ሰው የእህል እርዳታ ፈለገ። እነሆ፥ የገበያው ውድቀትና ድርቁ ተቀጣጥለው በአንድ ሰው ቤት ገቡ። በጥጋቡ ዓመት የገበሬውን በቆሎ በበቂ ዋጋ ገዝቶ የሚያከማች ኖሮ ቢሆን በረኀቡ ዓመት ከባሕር ማዶ የሚለመነው ባነሰ ነበረ። ዮሴፍ በግብጽ ያደረገው ይኸው ነው፤ እርሱም በመጨረሻ ለሕዝቡ የሚበላ ብቻ ሳይሆን የሚዘራም እንደ ሰጠ መዘንጋት አይገባም።

ከዚያ ረኀብ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ሥርዓት ተጀመረ፤ የድሬዳዋ ገጠርም ከመጀመሪያው ገባበት። የአሳቡ መሠረት እንዲህ ነው። በየዓመቱ የሚራበው ሰው ከታወቀ በየዓመቱ እንደ አዲስ መለመን ለምን? ቀድሞ ይመዝገብ፤ በየዓመቱ ለስድስት ወር ያህል የሚያገኘው ቍርጥ ይሁን፤ ጥሪቱንም አይሽጥ። የሚችለው በወር እስከ አምስት ቀን በእርከን፥ በኩሬና በመንገድ ሥራ ይሠራል፤ ሽማግሌና በሽተኛ ነፍሰ ጡርም ያለ ሥራ ይቀበላሉ። የቀን ዋጋው 3 ኪሎ እህል ወይም ያን የሚገዛ 6 ብር ሆነ።

ጥሪት አይሽጥ የሚለው ቃል በሐረርጌ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ ልንገረው። የዚህ አገር ገበሬ ጐልማሳ በሬ ገዝቶ አርሶበት ሲያበቃ በደጁ አስሮ የማሽላ ቍጥቋጦ እየቈረጠ በእጁ ያጐርሰዋል፤ የታወቀው የሐረር ሰንጋ ይህ ነው። ሰንጋው የገበሬው የገንዘብ ሣጥን ነው። ድርቅ በመጣ ጊዜ ሁሉም ሣጥኑን በአንድ ቀን ወደ ገበያ ያወጣል፤ ከብቱ ሲበዛና ሲከሳ ዋጋው ይወድቃል፤ በዚያው ገበያ ደግሞ የማሽላ ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ አምና አንድ በሬ ብዙ ኩንታል ይገዛ የነበረው ዘንድሮ ጥቂቱን ይገዛል። ገበሬው ሲሸጥም ሲገዛም ተቀጣ ማለት ነው። በየወሩ የሚደርሰው 15 ኪሎ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰንጋውን ለሁለት ወር ከገበያ የሚያዘገይ ከሆነ ከ15 ኪሎ እጅግ ይበልጣል።

ጕድለቱም አይሸሸግ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያው ይዘገይ ነበረ፤ የዘገየ ክፍያ ደግሞ ሰንጋውን አያድነውም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በድንገት ሲወጣ የቀኑ 6 ብር ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም የቀድሞውን 3 ኪሎ አልገዛ አለ፤ ብዙ ሰው ከብሩ ይልቅ እህሉን መረጠ። ደግሞም ከሥርዓቱ የሚወጣውን ሰው «ተመረቀ» ማለት ተለመደ። በቅኔ ቤት የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህ ቃል ያስፈግገኛል፤ ጉባኤ ቃና የማይዘርፈውን ልጅ የዓመቱ ቍጥር ይሙላ ተብሎ መወድስ ቤት ሲያስገቡት አላየሁምና።

ደንገጎን በመሳሰሉት ተራሮች ላይ የሚሠራው እርከን ግን ለከተማውም ነው፤ በእርከኑ የቆመ ውሃ ለማሽላው ይሰርጋል፤ ያልቆመው ወደ ደቻቱ ይወርዳል። ለገበሬው የሚከፈለውን ብር የከተማው ሰው ለራሱ ቤት እንደ ተከፈለ ቢቈጥረው አይሳሳትም።

በ2008 ዓ.ም. እንደ ገና ታላቅ ድርቅ ሆነ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈለገ፤ የምሥራቁ አገርም ከተጐዱት አንዱ ነበረ። ያን ጊዜ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ገና አልተመረቀም ነበረ፤ ሆኖም በኅዳር ወር የእርዳታ እህል ማጓጓዝ ጀመረ። ስንዴው በሐዲድ መጣ። የሐረርጌ ማሽላ ዘር ግን በመርከብ የሚመጣ አይደለም፤ ለየተራራው የተስማማው ዘር የሚገኘው ከገበሬው ጎታ፥ ከእርሱ ከታጣ ከጎረቤት፥ ከጎረቤትም ከታጣ ለምግብ ተብሎ በገበያ ከተዘረጋው እህል ነው። ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ ዘር ያለቀበት ገበሬ ወደ ገበያ ወርዶ፥ ከቆለሉ ፊት ተቀምጦ፥ የሚበላ ተብሎ ከሚሸጠው ማሽላ የአገሩን ዘር የመሰለውን በፍሬው መልክ እየለየ ይገዛል።