የጥንት ገበሬዎች የሸክላ ምስሎች፦ ምንነታቸውና ማሳ ላይ ሲገኙ የሚደረገው

ደሴ፦ የሰው ወይም የእንስሳ መልክ ይዘው ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ምስሎች በብዙ የዓለም ክፍሎች ከጥንታዊ የገበሬ መንደሮች ፍርስራሽ ይወጣሉ። አብዛኞቹ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ጽሕፈት ስላልነበራቸው ምስሎቹ ለምን እንደተሠሩ የተጻፈ ነገር የለም፤ ተመራማሪ የሚያነበው የተገኙበትን ስፍራ ነው።

በቱርክ ሀገር የሚገኘው ቻታልሆዩክ፣ ከ9,000 ዓመት በፊት ገደማ የተቆረቆረ የገበሬዎች መንደር፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጄምስ ሜላርት እ.ኤ.አ. በ1961 በሁለት አውሬዎች መካከል የተቀመጠች ወፍራም ሴት ምስል አገኙ። የወጣችው ከእህል ማከማቻ በመሆኑ የእናት አምላክ ናት ተባለ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በኢያን ሆደር መሪነት የተካሄደው ቁፋሮ ሌላ ነገር አሳየ፤ ከምስሎቹ የሚበዙት የእንስሳት ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ከቆሻሻ መጣያ ተገኙ። ቦታው ባይመዘገብ ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር አይነሣም ነበር።

በሀገራችን ከአክሱም ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ሐወልቲ ይጠቀሳል። ዕድሜው ከቻታልሆዩክ እጅግ ያንሳል፤ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረው ሥልጣኔ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ደ ኮንታንሶን እ.ኤ.አ. በ1959 ባካሄዱት ቁፋሮ፣ እጆቻቸውን በጉልበታቸው ላይ ያሳረፉ የተቀመጡ ሴቶች የድንጋይ ሐውልት ወጣ። ዝናው የሐውልቱ ቢሆንም፣ ከዚያው ስፍራ የቀንድ ከብት፣ የቤትና የሴት የሸክላ ምስሎች ተገኝተዋል። ድንጋዩ የባለሥልጣን ወይም የአማልክት ክብር ይመስላል፤ ከብቱና ጎጆው ግን የአርሶ አደሩ የራሱ ጉዳይ ነው። በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ ከጭቃ በሬ ያበጀ ሰው እነዚህን ሲያይ እንግዳ አይሆኑበትም።

ወደ ደቡብ ወሎ ስንመለስ፣ በኮምቦልቻ አካባቢ ከድንጋይ የተቀረጸ ጥንታዊ አንበሳ ይገኛል። የአካባቢው መሬት ጥንታዊ እጅ ያረፈበት ነውና ማረሻ፣ የጉድጓድ ቁፋሮ ወይም የቤት መሠረት ሸክላ ሊያወጣ ይችላል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ላስረከበውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ቅርብ የሆነው በር የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። በደሴ የቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተዘረፈ ወዲህ፣ በየማሳው ያለው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ምስል ያገኘ አርሶ አደር እርሻውን በዚያ ቦታ ያቁም፤ ስፍራውን በድንጋይ ምልክት ያድርግ። ምስሉን አይጠበው፤ የተጣበቀው አፈር ራሱ ለባለሙያ ማስረጃ ነው። ከተሰበረም በሙጫ አያጣብቀው፤ ስብርባሪውን ባለበት ይተወው።