የባከነ ዕድል ስንት ያወጣል?

በእንግሊዝ አገር ጠበቃው በመዘግየቱ ክሱ በይርጋ የታገደበት ሰው ራሱን ጠበቃውን መክሰስ ይችላል። የሚያስቸግረው ካሳው ነው። የመጀመሪያው ክስ ጭራሽ ስላልተሰማ ደንበኛው ይርታ ወይም ይረታ የሚያውቅ የለም። ዳኛው ታዲያ ያልተካሄደን ሙግት በምን ይመዝነዋል?

የመልሱ ሥር የሚገኘው፣ የሚያስገርም ቢመስልም፣ በትያትር ዓለም ነው። ተዋናይና የትያትር ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሲሞር ሂክስ በጋዜጣ ውድድር አስነገረ፤ ለሚያሸንፉ 12 ሴቶች የሦስት ዓመት የትወና ሥራ ሊሰጥ። 6,000 ያህል ሴቶች አመለከቱ። ኢቫ ቻፕሊን ለመጨረሻው ዙር ካለፉት 50 ተወዳዳሪዎች አንዷ ብትሆንም የቀጠሮው ደብዳቤ በጊዜው ስላልደረሳት ሳትቀርብ ቀረች። ከሰሰች። ተከሳሹ «መመረጧን ማን ያውቃል? ይህ ሊሰላ አይችልም» ባይ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1911 ጁሪው የፈረደላትን 100 ፓውንድ አጸናላት። ስሌቱ ስለከበደ ብቻ ተበዳይ ባዶ እጇን አትመለስም ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ጠበቆች ላይ በሚገባ የደረሰው በ1958 ነው። የአየር ኃይል ባልደረባ የነበረ ባሏን በቤታቸው በደረሰ የኤሌክትሪክ አደጋ ያጣች ሴት፣ ጠበቆቿ የአንድ ዓመቱን የክስ ጊዜ አሳለፉባት። ክሱ ቢቀርብ ኖሮ ቢበዛ 3,000 ፓውንድ ያስገኝ ነበር፤ የተፈረደላት 2,000 ነው። ክሱ ያለጥርጥር የሚያስረታ ቢሆን ሙሉውን፣ ዋጋ ቢስ ቢሆን ምንም ባላገኘች፤ መካከል ላይ ስለነበረ ዳኞቹ በግምት ቆረጡላት።

ግምቱ ግን ገደብ አለው። አላይድ ሜፕልስ የተባለ ኩባንያ በጠበቆቹ ላይ ባቀረበው ክስ በ1995 የተሰጠው ፍርድ ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው። ደንበኛው ትክክለኛ ምክር ቢያገኝ ኖሮ ራሱ ምን ያደርግ ነበር የሚለውን በሚዛን በሚደፋ ማስረጃ ማስረዳት አለበት፤ ካላስረዳ ክሱ ይወድቃል። ሌላው ወገን ምን ይል ነበር የሚለው ግን በመቶኛ ይገመታል፤ ዕድሉ የምር ይሁን እንጂ ከግማሽ ማነሱ አያስጥለውም። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ክስ ይህንኑ አጠበቀ። ሰውየው በሚንቀጠቀጡ መሣሪያዎች ጣቶቹ ተጎድተው ነበር። ጠበቆቹ ለቤት ውስጥ ሥራ እርዳታ ካሳ እንዲጠይቅ ስላልመከሩት ከሰሳቸው። በችሎት ሲመረመር ግን ጥያቄውን በሐቅ ሊያቀርብ ይችል እንደነበር ሊያስረዳ አልቻለም። ተረታ። እኔ ፍርዱን እደግፋለሁ፤ በሐሰት ሊገኝ የነበረ ገንዘብ ቀረብኝ ተብሎ ካሳ አይጠየቅም።

የማልደግፈው ሌላ አለ። በ2005 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች የካንሰር ሕመምተኛን ክስ 3 ለ 2 ውድቅ አደረጉ። ሐኪሙ ብብቱ ሥር የነበረውን እብጠት ንቆ በማለፉ ሕክምናው ዘግይቶ፣ የመዳን ዕድሉ ከ42 ከመቶ ወደ 25 ከመቶ ወርዶ ነበር። ሆኖም መነሻው ከግማሽ በታች ስለሆነ ምንም አላገኘም። ያው 42 ከመቶ ዕድል ጠበቃ ያባከነው ሙግት ላይ ቢሆን ኖሮ በገንዘብ ይተመን ነበር። ክሱን ውድቅ ካደረጉት ዳኞች መካከል ለጤና አገልግሎቱ የሚተርፈውን ጣጣ የፈሩ ነበሩ፤ ስጋታቸው ይገባኛል፣ ልዩነቱን ግን ፍትሐዊ አያደርገውም።

ያ ፍርድ እስካሁን አልተሻረም።