የተፋሰስ ልማት ሥራ ከየት ይጀመራል? የቅድሚያ አወሳሰንና የነዋሪዎች ድርሻ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ በአመዛኙ የሚከናወነው የመኸር ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ፣ በተለይም በጥርና በየካቲት ወራት ነው። አርሶ አደሩ በእነዚህ ወራት የሚያበረክተው ጉልበት የተወሰነ ሲሆን፣ መታከም የሚገባው መሬት ግን ሰፊ ነው። በመሆኑም የትኛው ቦታ ቀድሞ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ከሥራው በፊት ምላሽ ማግኘት ይኖርበታል።

የዕቅዱ ወሰን

ተፋሰስ ማለት በላዩ የሚወርደው ዝናብ ወደ አንድ መውጫ የሚፈስበት መሬት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ የዕቅዱ መነሻ የውሃው ፍሰት እንዲሆን ያደርጋል። አንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስም በአብዛኛው ከ200 እስከ 500 ሄክታር ይሸፍናል።

ከላይ ወደ ታች

ሥራው ከተፋሰሱ አናት ይጀመራል። ተራራው ሳይታከም በግርጌው ቦረቦር ላይ የሚሠራ ክትር በአንድ ክረምት ጎርፍ ሊፈርስና የብዙ ሰው ድካም ከንቱ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ ተራራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ሆኖ እርከን ይሠራለታል፤ ቀጥሎ ጎርፉ ወደ ማሳ እንዳይገባ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ከዚያም የማሳ ላይ እርከንና የቦረቦር ሥራ ይከተላሉ። መኖሪያ ቤትን፣ መንገድን ወይም ምንጭን የሚያሰጋ ቦረቦር ሲኖር ግን በባለሙያ ታይቶ ጎን ለጎን ሊሠራ ይችላል።

ውሳኔው እንዴት ይሰጣል?

ነዋሪዎች ሴቶችንና ወጣቶችን ያካተተ የዕቅድ ኮሚቴ ይመርጣሉ። ኮሚቴው ከግብርና ልማት ሠራተኛው ጋር መሬቱን በእግር ተዘዋውሮ ያያል፣ ችግሮችንም ይዘረዝራል። የትኛው እንደሚብስ የሚለየው ችግሮቹን ሁለት ሁለቱን በማነጻጸር ነው። ረቂቅ ዕቅዱ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ ይጸድቃል ወይም እንዲሻሻል ይመለሳል።

ቀድሞ ስምምነት የሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች

ቅደም ተከተሉ በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም። ማሳው በግርጌ ያለ አርሶ አደር ጉልበቱን አስቀድሞ በተራራው ላይ አውሎ ተራውን ይጠብቃል። ከብቶቹን በተራራው ላይ ያሰማራ የነበረው ደግሞ ግጦሹን ያጣል። ይህ ሸክም በግልጽ ካልተነገረና ካልተካካሰ፣ የተከለለው መሬት ተመልሶ ለልቅ ግጦሽ ይጋለጣል፤ እርከኑም ይፈርሳል። ስለዚህ የሚከተሉት ጉዳዮች በጉባኤው ተወስነው በቃለ ጉባኤ ሊሰፍሩ ይገባል፦

• ከተከለለው መሬት የሚታጨደው ሣር ለእነማንና በምን ድርሻ እንደሚከፋፈል፤
• የየማሳው ተራ የሚደርስበት ጊዜ፤
• አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራ ነጻ የሚሆኑበት ሁኔታ፤
• የተሠራውን የሚጠብቅና የሚጠግን አካል።

ነዋሪዎች ከዚህ ሥርዓት ለመጠቀም

1. ዕቅዱ በሚዘጋጅበት ወቅት በጉባኤው መገኘትና ማሳቸውን የሚመለከተውን ክፍል በካርታው ላይ ማየት፤
2. ጎርፍ የሚገባበትን ቦታና መቼ እንደሚገባ ለኮሚቴው ማሳወቅ፤
3. ቅሬታ ካላቸው ለኮሚቴው፣ ቀጥሎ ለቀበሌው፣ መፍትሔ ካላገኙም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብ።

ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ የእርከንን መስመር መለወጥ የተሠራውን ማፍረስን ስለሚጠይቅ፣ አስተያየትም ሆነ ቅሬታ ከጉባኤው ውሳኔ በፊት ቢቀርብ ይመረጣል።