የለንደን ከተማ የፍሳሽ ሥራና የምሥራቁ ሠፈር ዕጣ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን በሕዝብ ብዛት ከዓለም ከተሞች ሁሉ የላቀች ነበረች። ይሁን እንጂ የከተማዋ ፍሳሽ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይወርድ፣ የመጠጥ ውሃ ከሚያከፋፍሉት ኩባንያዎችም በርካቶቹ ከዚያው ወንዝ ይቀዱ ነበር። ለንደን ከዚህ ችግር የወጣችው በጥናት፣ በሕዝብ ግፊትና በምሕንድስና ሥራ መሆኑ ይታወቃል፤ ሥራው ዘግይቶ የደረሰለት ሠፈር ምን እንደ ገጠመው ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ባወጣው ዘገባ፣ በማንቸስተር ከተማ የባለሙያዎችና የባለጸጎች ቤተሰብ አማካይ የሞት ዕድሜ 38 ዓመት ሲሆን፣ የሠራተኞች ግን 17 ብቻ መሆኑን ገለጠ። በ1844 ሐኪሞችና ሌሎች ዜጎች «የከተሞች ጤና ማኅበር»ን መሥርተው፣ ስብሰባ እየጠሩና ጽሑፍ እያሠራጩ መንግሥትን ወተወቱ፤ በ1848ም የመጀመሪያው የሕዝብ ጤና አዋጅ ወጣ። ነገር ግን በሽታን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ነው የሚለው እምነት ገና አልተነቀለም ነበርና፣ በለንደን የየቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽ በቦይ ወደ ወንዙ እንዲለቀቅ ተደረገ። ሽታው ከቤት ቢርቅም ውሃው ይበልጥ ተበከለ።

ይህን እምነት በማስረጃ የተፈታተነው ሐኪሙ ጆን ስኖው ነበር። በ1854 በደቡብ ለንደን ሁለት ኩባንያዎች በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ውሃ ያቀርቡ ነበር። አንደኛው የሚቀዳው ከከተማው በላይ ካለው ንጹሕ የወንዙ ክፍል፣ ሁለተኛው ግን ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ነበር። ስኖው ቤት ለቤት እየዞረ እንዳጣራው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት ከየ10,000 ቤቶች በፊተኛው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ 37፣ በኋለኛው ዘንድ 315 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት በብሮድ ጎዳና ለተነሣው ወረርሽኝ መንስኤው የሠፈሩ የውሃ ፓምፕ ነው ሲል፣ የአጥቢያው ረዳት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ይህን ለማስተባበል ተነሣ፤ ነዋሪዎቹን አንድ በአንድ ከጠየቀ በኋላ ግን የስኖውን ሐሳብ የሚያጸና ማስረጃ አገኘ።

በ1858 የበጋ ሙቀት የወንዙ ግማት የፓርላማውን ስብሰባ ስላወከ፣ ለዓመታት ሲያከራክር የቆየው ሥራ በጥቂት ሳምንታት ተፈቀደ። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት 132 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ዋና ዋና ቦዮች አሠርቶ፣ ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተጠልፎ ከከተማው በታች ወደ ምሥራቅ እንዲወሰድ አደረገ። ከፍ ካለው ሠፈር ፍሳሹ በስበት ሲወርድ፣ ከዝቅተኛው ግን በእንፋሎት ፓምፕ መነሣት ነበረበት። በሰሜኑ ዳርቻ ለዝቅተኛው ቦይ የተሠራው የአቢ ሚልስ ፓምፕ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1868 ነበር።

ኮሌራ ግን ከዚያ ቀድሞ በ1866 ተመልሶ ገባ። ከሞቱት ከ5,500 በላይ ሰዎች የሚበዙት አዲሱ ቦይ ገና ያልደረሰለት የምሥራቁ ሠፈር ድሆች ነበሩ። ቀድሞ የሽታውን አስተሳሰብ ይደግፍ የነበረው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዊልያም ፋር፣ የሟቾቹ መኖሪያ ከአንድ የውሃ ኩባንያ የሥርጭት ክልል ጋር መግጠሙን አስተዋለ። የኩባንያው መሐንዲስ ያልተጣራ ውሃ አላከፋፈልንም ሲል በጋዜጣ ቢያስተባብልም፣ ነዋሪዎች በቧንቧቸው ውስጥ እባብ መሰል ዓሣ ማግኘታቸውን መሰከሩ። ውሃው የተለቀቀው በተበከለው በሊ ወንዝ አጠገብ ካለ ክፍት ኩሬ መሆኑም በምርመራ ታወቀ። ውሃ ሳይጣራ ለቤት አገልግሎት እንዳይቀርብ ደግሞ የ1852 አዋጅ አስቀድሞ ይከለክል ነበር።

ከዚህ ታሪክ መረዳት እንደሚቻለው፣ ፍሳሽ ዝቅተኛውን ቦታ ይፈልጋል፤ በከተማም ዝቅተኛው ቦታ ብዙ ጊዜ የድሃው መኖሪያ ነው። በዕቅድ ላይ የመጨረሻ ምዕራፍ ተብሎ የሚመደበው ሥራ እጅግ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሐንዲስ የሥራውን ቅደም ተከተል ሲወስን ከወጪው ስሌት ጋር የሞት መዝገቡን መመርመር፣ የነዋሪውንም ምስክርነት መስማት ይገባዋል።